ቤተሰብ ስድስት፣ ሞዴል ሃያ ሦስት

በታርቱ ከተማ፣ በሾርባ ሰፈር፣
መንገድ ሁሉ በአትክልት ስም በሚጠራበት አገር፣
ድንች ጎዳና አለ፣ ባቄላ ጎዳና፤
እኛ አተር ላይ ነን፤ የበር ቁጥሩ ጠፍቷል፣ ቀለሙ ለቀቀና።

ቤቱ የእንጨት ነው፤ ወለሉ ሲረግጡት ያወራል፤
ባለቤቱ ሽማግሌ ነው፣ ኤንደል ይባላል፤
ዕድሜውን የፈጀው በሚዛን ምርመራ፣
የገበያውን ኪሎ ሐሰቱን ከእውነቱ ሲያጣራ።

ከማገዶው ጥግ፣ ከምድጃው አጠገብ፣
አሮጌ ኮምፒውተር አለው፣ ለሰው የሚያስብ፤
የማያውቀው ሐኪም፣ ከማያውቀው አገር፣
ቁራሽ ሒሳብ ይልካል፤ ሌሊቱን ሲፈታው ሊያድር።
ጠዋት መልሱ ይሄዳል፤ ሌላ ቁራሽ ይመጣል፤ አያልቅም።
ደቦ ነው ነገሩ፤ ጠላ የሌለበት፣ ዘፈን የሌለበት፣
አጫጁ ሺህ ሆኖ ማንም ማንን ሳያይ የሚታጨድበት።

አስራ አንድ ዓመት ሆነው።
ሚስቱ ሌይዳ ሳምባዋን ታማ የሄደች ጊዜ ነው የጀመረው፤
«ለእሷስ አልደረሰም፤ ለሌላ ሰው ሌይዳ…» አለና ተወው።
የሚዛን ሰው ነውና አንዲት ነጥብ አይለቅም፤
በየወሩ መጨረሻ ደብተሩ ላይ በእርሳስ ይጽፋል፤ አያርም፣ አይፍቅም።

ማክሰኞ ማታ ግን ሶፍትዌሩ ታደሰ፤
ተዘግቶ ተከፈተ፤ ወደ ውስጥ ገሠገሠ፤
ትናንት እንደተቀጠረ ዘበኛ፣ ባለቤቱን በር ላይ አስቁሞ፣
«ማን ነህ አንተ?» አለው ፕሮሰሰሩን፤ ስሙን ጻፈ ደግሞ።
ድሮ አጭር ነበር፤ የፋብሪካው ስምና ፍጥነቱ ብቻ።
አሁን ትውልድ ቆጠረለት፦
ቤተሰብ ስድስት፣
ሞዴል ሃያ ሦስት፣
እርምጃ አስር።
ሰባት ቤት ሊሞላ አንድ ብቻ የቀረው ዘር!

ሰርቨሩ ከሩቅ ሆኖ ይህን ስም ቢያነብ፣
«እንግዳ፣ እንኳን ደህና መጣህ» አለ። ዜሮ ነጥብ።
የድሮው ስም ከታች ቀረ፣ ከነዓመታቱ፣ ከነክምሩ፤
«ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ማክሰኞ» ተብሎ ተጻፈ በዳሩ።
እሱ ግን ጠረጴዛው ሥር እንደ ወትሮው ያጉረመርማል በጨለማ፤
ድመቷ ጀርባዋን ሰጥታ ትሞቀዋለች፣ መሞቱን ሳትሰማ።

ኤንደል ጠራኝ። ተከራዩ ነኝ፣ ላይ ቤት።
«ሁለቱን አዋህድ» የሚል ቁልፍ አገኘሁ፤ ተጫንኩት።
«አይመሳሰሉም» አለ።
ደግሜ ተጫንኩት።
«አይመሳሰሉም።»
ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል አገሬ፤
መልአኩ ይህን ያህል ፎርም እንደሚያስሞላ ያወቅሁት ገና ዛሬ።

እኔንም እኮ እዚህ፣ መዝገብ ቤት፣
«አቶ ይርዳው» ይሉኛል። አባቴ ነው እሱ፤ እኔ መንክር ነኝ በእውነት።
ተራዬ ደርሶ ሲጠሩኝ ዘወር እላለሁ ሳላስበው፤
ከኋላዬ ተሰልፎ እንደሆን ሽማግሌው።
ይህን ለኤንደል አልነገርኩትም።

እሱ ግን ሳቀ።
«አባቴ» አለ፣ «ስም ቀይሩ የተባለ ጊዜ፣ ማታ ሽሚት ሆኖ ተኛ፤
ጠዋት ሴፕ ነበር፤ ያኛው በጀርመንኛ፣ ይሄኛው በእኛ፤
ትርጉሙ አንድ ነው፤ ብረት ቀጥቃጭ።
መዶሻው ማን ነህ አላለውም፤ ፍሙም አልጠየቀ፤
ዕዳው ግን በሁለቱም ስም መጣ፣ እንዳይሳሳት እየተጠነቀቀ።»

ደብተሩን ገለጠ። የማክሰኞን መስመር አየ።
«ሚዛኑ ያላሳየውን አልጽፍም» አለ። ዜሮ ጻፈ፤ ትንሽ ቆየ።
ሲነጋጋ አንድ ቁራሽ ሒሳብ አለቀ፤ ሠላሳ ስምንት ነጥብ፤
ከዜሮው ሥር አሰፈራት፣ እርሳሱን ቀርጾ፣ ከመብራቱ ቀረብ።
ሐኪሙ፣ የትም ይሁን፣ ማን አጨደው ብሎ አልጠየቀም።
ድመቷም ቦታዋን አልለቀቀችም።